ቤቶች! ሳልል የገባሁበት ቤት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ሩቅ የገጠር መንደር ነው። መንደሩ ያለው በጃፓን ነው። ጃፓን በስተምሥራቅ ያለች፣ ባሕር የከበባት የደሴቶች አገር ናት። የጃፓን ስም ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያስበው መኪናና ፋብሪካ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርሁ። ለካስ የሣር ቤትም አላት!

በ2018 ለእርሻ ሥልጠና ወደዚያ ሄጄ ነበር። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል አስተማሪያችን ሦስት ሰልጣኞችን በመኪናው ይዞን ወጣ። «ከተማውን አይታችኋል፤ አሁን ደግሞ ገጠሩን እዩ» አለን። ወሩ ጥቅምት ነበር። የተራራው ቅጠል ቢጫና ቀይ መሆን ጀምሯል።

የምንሄድበት መንደር ኦጊማቺ ይባላል። ያለው ጊፉ በሚባለው ክፍለ አገር ውስጥ ነው። ጎብኚ ሁሉ ግን አካባቢውን ሺራካዋ ጎ እያለ ይጠራዋል። ወደዚያ የሚወስድ፣ ተራራ እየበሳ የሚያልፍ ፈጣን አውራ ጎዳና አለ። አስተማሪያችን ግን «ፈጣኑ መንገድ ምንም አያሳይም» ብሎ በአሮጌው መንገድ፣ ወንዝ ወንዙን ይዞን ሄደ።

በመንገድ ላይ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር አቆመን። ሐይቁ ሰው የሠራው ነው። ሚቦሮ የሚባል ግድብ ወንዙን አግዶ ያስተኛው ውኃ ነው። ከውኃው በታች ድሮ ሰው የሚኖርባቸው መንደሮች አሉ። ከዳሩ ሁለት ታላላቅ ዛፎች ቆመዋል። ሳኩራ ይባላሉ፤ ጃፓኖች አበባቸውን አብዝተው ይወዳሉ። የሁለቱ ዛፎች ዕድሜ ከ400 ዓመት በላይ ነው። ቀድሞ የነበሩት እታች፣ በሁለት ቤተ መቅደሶች ግቢ ነበር። ቦታው በውኃ ሊዋጥ ሲሆን፣ በ1960 ከነሥራቸው ነቅለው ወደ ላይ ጎትተው አወጧቸው። ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ግንዳቸው ሲቀር «አይጸድቁም» ያለው ሰው ብዙ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን አቆጠቆጡ። አበባቸውን እኔ አላየሁም፤ የሚያብቡት በሚያዝያ መጨረሻ ግድም ነው። ብቻ ቅርፊታቸውን በእጄ ዳሰስሁ።

በዚሁ መንገድ የሚሠራ አንድ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረ። ስሙ ሳቶ ሪዮጂ ነው። የዛፎቹን መትረፍ አይቶ፣ ከናጎያ ከተማ እስከ ካናዛዋ ከተማ ባለው የአውቶቡስ መሥመር ዳር ሳኩራ ይተክል ጀመር። ወደ 2,000 ያህል ተክሎ በ1977፣ በ47 ዓመቱ ሞተ። አንድ ትኬት ቆራጭ! ስለ እርሱ ብዙ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ወደ ቤቶቹ ልለፍ።

ኦጊማቺ ስንደርስ መኪናውን ከወንዙ ማዶ አቁመን በእግር ተሻገርን። የተሻገርነው 107 ሜትር በሚረዝም ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። መንደሩን አቋርጠን ሺሮያማ ወደሚባለው ጉብታ ወጣን። ከዚያ ላይ ሆኜ ቁልቁል ባይ አፌ ተከፈተ። በሩዝ ማሳ መካከል የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች ቆመዋል። ትልልቆቹ ወደ 60 ይሆናሉ። እንደኛ ጎጆ ክብ አይደሉም፤ ረጅምና ባለ ማዕዘን ናቸው። ክዳናቸው ከወገባቸው ይበልጣል። ሁለት እጆች ለጸሎት ተጋጥመው ሲቆሙ ይመስላል። የቤቱም ዓይነት ስም ከዚሁ የመጣ ነው፤ «ጋሾ» ማለት የተጋጠሙ እጆች ማለት ነው።

ክዳኑን እንደዚህ ያቆሙት ለውበት ብለው አይደለም። በክረምታቸው በረዶ ይጥላል። የእኛ አገር በረዶ ጠጠር ነው፤ ወርዶ ይቀልጣል። የእነርሱ በረዶ እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ነው፤ እየተከመረ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። ክዳኑ ለጥ ያለ ቢሆን ኖሮ በክብደቱ ይደረመስ ነበር። ቀጥ ስላለ ግን በረዶው ይንሸራተታል። ደግሞም ክዳኑን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ነው ያዞሩት። ጠዋት አንዱን ጎን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን ጎን ፀሐይ ታገኘዋለች። ነፋሱ ደግሞ ሸለቆውን ይዞ ሲመጣ ጠባቡን ጎን ብቻ ይመታል። ይህን ያሰበው መሐንዲስ አይደለም፤ ገበሬ ነው።

ከጉብታው ወርደን ቤቶቹን እየዞርን አየን። ለጎብኚ የተከፈቱ አሉ፤ ገንዘብ ተከፍሎ ይገባል። ከሁሉ የሚታወቀው የዋዳ ቤተ ሰብ ቤት ነው። የቤቱ ጌቶች ቀድሞ የመንደሩ አለቆች ነበሩ። ባሩድ የሚሠራበትን ጨው መሰል ነገር ይነግዱ ነበር። እርሱንም የሚያዘጋጁት ከቤታቸው ወለል ሥር፣ አፈርና ሣር ከሐር ትል ኩስ ጋር ደባልቀው ለዓመታት በማብላላት ነው። ዛሬም የቤቱ ባለቤቶች በአንዱ ክፍል ይኖራሉ፤ ሌላውን ሰው ያየዋል።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት የተፈጠረው ከዚያ ስንወጣ ነው።

ጓደኞቼ ከሱቅ ገቡ። እኔ ብቻዬን በአንዲት ጠባብ መንገድ ሄድሁ። አንድ የሚያምር ቤት አየሁ። ለመታየት የተከፈተ መሰለኝ። በሩን ወደ ጎን ገፍቼ ገባሁ። ከፍ ወዳለውም ወለል አንድ እግሬን አነሣሁ፤ ያውም ከነጫማዬ። በጃፓን ቤት ውስጥ ጫማ ማድረግ ትልቅ ነውር ነው። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ከዝቅተኛ ገበታ ፊት ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ምግቡን እንደ ያዙ ዝም ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ባይቆጡም ግን እኔ ቀለጥሁ።

እስቲ አስቡት። እኔ በገጠር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በአገሬ የማንንም ደጅ «ቤቶች!» ሳልል ረግጬ አላውቅም። ሰው አገር ስሄድ ነው ወይ ወግ የጠፋኝ? ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ገንዘብ ከፍዬ ሁለት ሦስት ቤት ስለ ገባሁ፣ መንደሩ በሙሉ ለእኔ የተዘረጋ ገበያ መስሎኝ ነበር።

ማታ ያደርነው የሣር ክዳን ባለው የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቷ አንዲት አሮጊት ናቸው። ከወለሉ መካከል የእሳት ጉድጓድ አለ፤ ከላዩ ማንጠልጠያ ላይ ጀበና የመሰለ የብረት ማሰሮ ይንጠለጠላል። የወንዝ ዓሣ በጨው ተጠብሶ መጣልን። ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚሠራ ሚሶ የሚባል ነገርም በደረቀ ሰፊ ቅጠል ላይ፣ ከፍም ላይ ሆኖ ቀረበ። ጣፈጠኝ። ጥፋቴን በአስተማሪያችን አስተርጓሚነት ነገርኋቸው። ሳቁ። «የመጀመሪያው አይደለህም» አሉ። ሰዎች የልብስ ማድረቂያቸውን ፎቶ ያነሣሉ፤ በሩዝ ማሳው ውስጥ ይሄዳሉ፤ በመስኮት አንገታቸውን ያስገባሉ።

የሺራካዋ ነዋሪ በጠቅላላው ወደ 1,500 ያህል ሰው ነው። በደህና ዓመት የሚመጣው ጎብኚ ግን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ይበልጣል። ገንዘብ ያመጣል፤ ይህን አይክዱም። ግን የሰው ብዛት ራሱ ሸክም ነው። በክረምት በረዶ ላይ መብራት በሚበራበት ሌሊት ሰዉ መፈናፈኛ ሲያጣ፣ ከ2019 ጀምሮ ቀድሞ ቦታ ያልያዘ እንዳይመጣ ተከለከለ። ደግ አደረጉ እላለሁ።

«ታዲያ ወደዚህ ቤት ሲገባ ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁ። አሮጊቷ «ጎመን ኩዳሳይ» ይባላል አሉ። እኔ «ጎመን» ስሰማ በሳቅ ሞትሁ። የእኛን ጎመን አይደለም፤ ትርጉሙ «ይቅር በሉኝ» ማለት ነው። ደጅ ላይ ቆሞ እንዲህ ይባላል፤ ልክ እንደኛ «ቤቶች!»

በማግሥቱ ጠዋት ከአስተማሪያችን ጋር ወደዚያ ደጅ ተመለስሁ። ከውጭ ቆሜ «ጎመን ኩዳሳይ!» አልሁ። ሽማግሌው ወጡ። አወቁኝ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጫማዬን አስወልቀው አስገቡኝና ወደ ቆጡ አወጡኝ።

የቆጡ ስፋት የሚገርም ነው። ድሮ የሐር ትል የሚያረቡት እዚያ ነበር። መሬቱ ተራራማ ስለሆነ ሩዝ አይበቃቸውም፤ ሐር ይሸጡ ነበር። ወራጁና ማገሩ በጥላሸት ጠቁሯል። ሚስማር የለበትም። የተያያዘው በገመድና በለጋ እንጨት ነው። እንጨቱ እርጥብ ሳለ ይታሠራል፤ ሲደርቅ ይጠብቃል። የትልልቆቹ ወራጆች እግር እንደ እርሳስ ሾሎ በጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ነፋስ ሲመጣ ቤቱ ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። ጢሱ ለሣሩ መድኃኒት እንደሆነ ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ «ይህንስ አውቃለሁ» አልኋቸው። ጢስ ነቀዝን ያባርራል፤ ሣሩንም ያደርቀዋል። እናቴም ይህን ታውቃለች።

አንድ ክዳን ቀድሞ 30 እና 40 ዓመት ይቆይ ነበር። ዛሬ እሳቱ በየቀኑ ስለማይነድ ቶሎ ይበሰብሳል አሉ። ሲያረጅ ጎረቤት ሁሉ ይጠራል። 100 እና 200 ሰው ወጥቶ አንዱን ጎን በአንድ ቀን ይከድናል። ይህን «ዩኢ» ይሉታል። ማን ለማን ስንት ቀን እንደሠራ ይታወቃል፤ ብድሩ ይመለሳል። እኛ ወንፈል የምንለው ነው። አሁን ግን ሰው አንሷል። ብዙውን ክዳን ገንዘብ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ይሠሩታል፤ መንግሥትም ከወጪው ብዙውን ይረዳል።

ይህ ሁሉ ሊጠፋ ነበር። ግድብ እየተሠራ አንዳንዱ መንደር ተዋጠ፤ አንዳንዱ ቤት ተቃጠለ፤ ሌላው ለከተማ ነጋዴ ተሸጦ ተነቅሎ ሄደ። በ1971 የኦጊማቺ ሰዎች ተሰብስበው ሦስት ነገር ተማማሉ፤ ቤታችንን አንሸጥም፤ አናከራይም፤ አናፈርስም። በ1995 የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ የእኛ ላሊበላ በ1978 በተጻፈበት መዝገብ ማለት ነው።

ትልቁ ፍርሃታቸው እሳት ነው። የሣር ቤት ያለው ሰው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። ነዋሪዎቹ ተራ ገብተው «እሳት ተጠንቀቁ» እያሉ መንደሩን ይዞራሉ። በመንደሩ ውስጥ 59 የውኃ መርጫዎች ተተክለዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉም በአንድነት ሲከፈቱ መንደሩ የውኃ ዝናብ ይሆናል፤ ይህንንም ለማየት ሰው ይመጣል። እኔ ከተመለስሁ በኋላ፣ በ2019፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ያሉ ሁለት ጎጆዎች ተቃጠሉ። የመንደሩ ቤቶች ግን ተረፉ።

ሽማግሌው «የአባትህ ቤት በምን የተከደነ ነው?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። እውነቱን ነገርኋቸው። የአባቴ ቤት የሣር ነበር፤ በቆርቆሮ ያስለወጥሁት እኔ ነኝ። አባቴ እምቢ ብሎ ነበር፤ ለምኜ፣ ተቆጥቼም አስለወጥሁት። አይቆጨኝም። ያፈስ ነበር፤ የክዳን ሣርም እየጠፋ ነበር። ብቻ ያን ቀን አሮጌው ሣር ሲወርድ አባቴ ወደ ማሳው ሄዶ እስኪመሽ አልተመለሰም። ለምን እንደ ሄደ አልጠየቅሁትም።

አስተማሪያችን ይህን ሲተረጉም ሽማግሌው ብዙ ዝም አሉ። ኋላ «ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲዘንብ ትሰማማላችሁ?» አሉ።

«የለም፤ እንጮሃለን» አልኋቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ በመንደሩ ቤተ መቅደስ በዓል ነበረ። በየዓመቱ በጥቅምት ይከበራል። በዚያው ግቢ ከሩዝ የተጠመቀ፣ ያልተጠለለ ነጭ መጠጥ ይታደላል። ዶቡሮኩ ይሉታል። ሽርጥ የታጠቁ ሴቶች በማሰሮ ይዘው እየዞሩ ይቀዳሉ። ጉሽ ጠላ ያስታውሳል፤ ጎምዘዝ ይላል፤ ወፍራም ነው። ሦስት ጽዋ ጠጣሁ። አራተኛውን አስተማሪያችን ከለከለኝ።

ሽማግሌው ሊሰናበቱኝ እዚያ መጡና ከሩዝ ገለባ የተገመደ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን ገመድ ሰጡኝ። የክዳን ማሠሪያ ነው። አገሬ ስገባ ለአባቴ አመጣሁለት። አገላብጦ አየው፤ ስቦ ሞከረው። ስለ መንደሩ፣ ከነጫማዬ ስለ ገባሁበትም ቤት ነገርሁት። «ጫማህን ሳታወልቅ?» ብሎ ስለዚያ ብቻ ተቆጣኝ። ገመዱን አሁን የጥጃውን ጋጣ በር ይዘጋበታል።