ተራራውን ለማየት እንሰቱን ልንቆርጥ ነበር!

ሰው አገሩ ሲገባ ስኳርና ቡና ይዞ ይሄዳል። እኔና ወንድሜ ግን ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ዱቦ የወረድነው «ዲዛይን» ይዘን ነው! አዲስ አበባ ካፌ ለካፌ ስንዞር ያየነውን በረንዳ በእናታችን ደጅ ልንሠራ። ሲሚንቶ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ትልቅ ዣንጥላ… ገንዘቡንም አጠራቅመናል።

ዱቦን ለማታውቁ፣ ከአረካ ከተማ ብዙም የማትርቅ፣ በካቶሊክ ሚሲዮንና በሆስፒታሏ የምትታወቅ አረንጓዴ ቦታ ናት። በመስከረም ዝናቡ ጋብ ሲል ከሶዶ ከተማ በላይ የቆመው፣ ከ2,700 ሜትር የሚበልጠው ዳሞታ ተራራ ከሩቅ ብቅ ይላል። ችግሩ፣ ከቤታችን በር ሆናችሁ ስታዩ እንሰቱ ይከልለዋል። ወንድሜ ቆንጨራ አነሳ።

«ይሄ ይቆረጥና እይታው ይከፈት!»

እናታችን ሲኒዋን አስቀመጠች። «እንሰቱን ቆርጣችሁ ተራራውን ልትበሉት ነው?»

ክው አልን! እንሰት ተክሎ ቆጮ ለመብላት ዓመታት መጠበቅ ነው። ያንን ደግሞ አባታችን ከመሞቱ በፊት መጨረሻ የተከለው ነው።

ታዲያ ምን አደረግን? ቆንጨራውን ትተን በርጩማ አነሳን። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ግቢውን እየዞርን መቀመጥ። ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት መጥታ ዓይን ትወጋለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን የቤቱ ጥላ ደጁ ላይ ያርፋል። በሦስተኛው ቀን ከቤቱ ጥግ፣ ከአቮካዶው ሥር ሆነን ስናይ ዳሞታ ሙሉውን ታየን! እዚያው ከባሕር ዛፍ አግዳሚ ወንበር አሠራን፤ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስጠጋነው፤ ውሃ እንዳይተኛ ትንሽ ቦይ ቀደድን። ሳሩን አልነካነውም፤ የወላይታ ደጅ ውበቱ ሳሩ ነው። ወጪያችን የሚስማርና የአናጢ ብቻ ሆነ። በተረፈው ገንዘብ የእናታችንን የሚያፈስ ጣሪያ ቆርቆሮ ቀየርንበት።

እናንተም በኮንዶሚኒየም በረንዳም ይሁን በተከራያችሁት ግቢ ማረፊያ ስታስቡ፣ ከመግዛታችሁና ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ቀን በርጩማ ይዛችሁ ዙሩ። ፀሐዩንም፣ ነፋሱንም፣ የጎረቤታችሁን መስኮትም ታውቁታላችሁ።

ልንመለስ ስንል እናታችን አዲሱ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራለች።

«እማዬ፣ ዳሞታ እኮ በዚህ በኩል ነው» አልናት።

«እሱማ የት ይሄዳል!» አለችን።