ሳላና ከብት በአንድ ሜዳ

የዱር አራዊት ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ኬንያና ስለ ታንዛኒያ ነው፤ ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ አቋርጦት የሚያልፍ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በአገራችን አለ። በኢላላ ሳላ ሜዳ ቆሜ ሳላውን አየሁት፤ ቀንዱ እንደ ጦር የቀና፥ ፊቱ ጥቁርና ነጭ ነው። በዚያ ሐሩር ጥላ እንኳ አልፈለገም፤ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን መቆየት ይችላልና።

ከብት ግን አይችልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ፓርኩ ሲከለል፥ በዚያው ዘመን የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የወንዙን ዳር ያዘ፤ የከረዩ ከብት አርቢ በበጋ የሚወርድበት ግጦሽ ከሁለት ወገን ጠበበበት። አንድ የከረዩ ሽማግሌ፥ «ሳላው ከከብታችን ጋር ኖሯል፤ ባለቤት የመጣለት ኋላ ነው» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

እርግጥ ነው፥ ሣሩ ካለቀ ሳላውም ያልቃል፤ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ጎረቤቱ የተራበበት አጥር አይጸናም። ነገ ሕግ የምታረቅቁ ጓደኞቼ ሆይ፥ ለአራዊቱ ስትከልሉ ከብቱም ወደ ውሃ የሚወርድበትን መንገድ አስቡለት።