ታች ምን አለ?

እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ውኃን የማውቀው በእንስራ፣ በባልዲና በቧንቧ ነው፤ ቧንቧውም በፈረቃ። ዋና ቢሉኝ በልጅነታችን ቢሾፍቱ ሆራ ዳር ልብሳችንን ጥለን ከተንቦጫረቅነው ያለፈ አልተማርኩም። ይህን የመሰለ ሰው ሃምሳን ከተሻገረ በኋላ ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ጥፋቱ የእህቴ ልጅ ነው።

የእህቴ ልጅ ጀርመን አገር ነው የምትኖረው። ሌላው ደመወዙን ቤት ይሠራበታል፣ እሷ ባሕር ውስጥ ትከተዋለች። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ጅቡቲ ልትመጣ ሆነና ደወለችልኝ። "አጎቴ፣ አንድ አልጋ ተርፏል። ስድስት ቀን ጀልባው ላይ እያደርን ነው የምንጠልቀው። እምቢ እንዳትለኝ!" አለች። እምቢ ከማለቴ በፊት የጤና ቅጹን ላከችው። ከ45 ዓመት በላይ ነህ? ታጨሳለህ? የደም ግፊትስ? ቅጹ በጥያቄ አጣደፈኝ። አንድ እንኳ "አዎ" ካልክ ሐኪም ይፈርምልህ ይላል። ሐኪሙ ጆሮዬንና ሳንባዬን አይቶ "ደህና ነህ፤ አእምሮህን ግን አልመረመርኩም" ብሎ ፈረመ።

የአዲሱ ባቡር መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ከለቡ ማልጄ ተሳፈርኩ። ቀኑን ሙሉ ስንወርድ፣ ስንወርድ፣ በመጨረሻ ኮቴንም ሹራብንም የሚያስጥል ሙቀት ውስጥ ገባሁ።

ጀልባዋ ላይ አሥራ ሁለት እንግዶች ነበርን፤ ከእኔና ከእህቴ ልጅ በቀር ሁሉም ፈረንጅ። ኑሮው ገዳም ነው። ደወል ይደወላል፣ ይጠለቃል። ይበላል፣ ይተኛል፣ ደግሞ ይደወላል። በየመሐሉ ባዶ ሲሊንደሮችን የሚሞላው ሞተር ሲያጓራ ይውላል። (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ኦክስጅን እንዳይመስላችሁ። እኔና እናንተ አሁን የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፣ ታምቆ።) መጀመሪያ ቀን ማታ ዓሣዬን እያላመጥኩ ሳለ ከኋላዬ በጠራ አማርኛ "ጋሼ፣ ሚጥሚጣ ላምጣልዎት?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምግብ አብሳዩ የወሎ ልጅ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት አይበልጥም።

በማግስቱ ሙሻ ደሴት አጠገብ ተራዬ ደረሰ። ለእንደኔ ያለው ጀማሪ የተፈቀደው ከ12 ሜትር ሳያልፍ፣ አስተማሪ ክንዱን ይዞት ነው። ወገቤ ላይ እርሳስ ታሰረልኝ። ትእዛዙ ብዙ ነው፣ ከሁሉ የበለጠው ግን አንድ ነው፤ ትንፋሽህን እንዳትይዝ። 10 ሜትር ስትወርድ የሚጫንህ ግፊት ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። እዚያ ሳንባህን የሞላኸውን አየር ይዘህ ብትወጣ አየሩ እየተነፋ ሳንባህን ይጎዳዋል። ፈርተህ ትንፋሽ መዋጥ የለም ማለት ነው። ለአበሻ ከባድ ሕግ ነው፤ እኛ ስንፈራ መጀመሪያ የምናደርገው ትንፋሻችንን መያዝ አይደል?

ሦስት ሜትር ላይ ጆሮዬን ወጋኝ። አፍንጫዬን ይዤ በቀስታ እፍ ስል ተከፈተ። አስተማሪዬ በምልክት "ደህና ነህ?" አለኝ። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝና አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። ሰውዬው ወዲያው ይዞኝ ወጣ! ለካ በጠላቂዎች ቋንቋ አውራ ጣት "አውጣኝ" ማለት ነው፤ ለ"ደህና ነኝ" ጣትን እንደ ቀለበት ማጠፍ ነው የሚገባው። እህቴ ልጅ ፊት ይህን ያህል ዓመት ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው በአንድ ጣት ተዋረደ።

ሁለተኛው ሙከራ ሰመረልኝ። ዘጠኝ ሜትር ወረድኩ።

ምን ልበላችሁ? ኮራል የሚባለው ነገር ከሩቅ ድንጋይ፣ ከቅርብ አትክልት ይመስላል፤ እሱ ግን እንስሳ ነው። ጥቃቅን እንስሳት ተደጋግፈው የሠሩት ከተማ ነው። ገላቸው ውስጥ የሚኖር ደቃቅ አልጌ አለ፣ ከፀሐይ ምግብ የሚሠራላቸው። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይለያዩና ኮራሉ ነጥቶ ይቀራል። በከተማው ውስጥ ደግሞ ሊስትሮ አለ፤ እውነቴን ነው! ጣት የምታህል ሰማያዊ ዓሣ አንድ ቦታ ይዛ ትቆማለች። ትልልቆቹ ዓሦች ተራ ጠብቀው ይመጡና አፋቸውን ይከፍታሉ፤ እሷ ጥርስና ጉንጫቸው ውስጥ ገብታ ተውሳካቸውን ትለቅማለች። ሊውጧት ሲችሉ አይውጧትም። ልጆቻችሁ በካርቱን ፊልም የሚያውቋት ነጭ ቀበቶ ያላት ዓሣም እዚያው አለች፣ ጅራፍ በመሰሉ ተናዳፊ ክሮች መሐል ቤቷን ሠርታ። እነዚህ ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት። የቤቱ እመቤት ስትሞት ባልየው ሴት ይሆናል። ይህን ለጓደኞቼ ቡና ቤት ሳወራላቸው ሁለት ቀን አላናገሩኝም።

አንድ ነገር ግን አሳፈረኝ። ሃያ ዓመት አማርኛን አስተምሬ፣ ያየሁትን የምጠራበት ቃል አጣሁ። ለፈረሱ ዳማና ቦራ፣ ለበሬው ቡሬና ዳለቻ፣ ለዶሮው ገብስማና ወሰራ አለን። ለዓሣ ግን አምባዛና ቆሮሶ ካልን በኋላ ጭጭ ነው፤ እነሱም የሐይቅ ናቸው። ስለ ባሕር በር ስንከራከር የምንውል ሰዎች ስለ ባሕሩ የምንለው የለንም። ስለዚህ ተበደርኩ፤ ያቺ ገብስማ፣ ያ ወሰራ እያልኩ በልቤ ሰየምኳቸው።

አርታ በተባለው ዳርቻ ያየሁትን ግን መበደር አላስፈለገኝም፤ ስሙን ይዞ መጣ። ዌል ሻርክ ይሉታል፣ ከዓሣ ዘር ሁሉ ትልቁ ነው። ይህኛው አምስት ሜትር ቢሆን ነው። ጀርባው ጥቁር ግራጫ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ጥርት ያለ ዛጎልማ! ነጠብጣቡ እንደ ጣት አሻራ አንዱን ከሌላው ይለየዋል። የሚበላው ጥቃቅን ፍጥረት ነውና አፉን ከፍቶ አጠገቤ ሲያልፍ ከቁብም አልቆጠረኝ። በብርዱ ወራት እዚያ የሚሰበሰቡት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው። ማታ ይህንን ለወሎው ልጅ ስነግረው "እነሱም እንደኛ ለእንጀራ መጥተው ነዋ!" ብሎ ሳቀ።

አራተኛው ቀን ላይ ሰባቱ ወንድማማቾች ወደሚባሉት ደሴቶች ሄድን፤ ባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ናቸው። ስሙ በዓረብኛ "የእንባ በር" እንደማለት ነው። እዚያ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ጅረት ኃይለኛ ነውና ጀማሪ አይገባም። ሌሎቹ ዘለው ገቡ፤ እኔ ከልጁ ጋር ቀረሁ። ሽንኩርት እየከተፈ ነበር።

"አንተስ ገብተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"ኧረ ጋሼ! ይቅርብኝ።"

ቀስ በቀስ አወጋኝ። ታላቅ ወንድሙ በ2009 ዓ.ም. ከኦቦክ በሌሊት ጀልባ ተሳፈረ፣ የመን ለመሻገር። ሲሳፈር ያየ አለ፤ ሲወርድ ያየ አልተገኘም። ታናሽየው ሊፈልገው ኦቦክ ድረስ መጣ፣ ገንዘቡን ጨረሰ፣ እዚህም እዚያም ሠራ፣ በኋላ ይህቺን ጀልባ አገኘ። ወንድሙ የሄደበትን ውኃ በየሳምንቱ ይመላለስበታል።

ከትፎ ሲጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠና "ጋሼ፣ ታች ምን አለ?" አለኝ።

አስተማሪነቴ መጣብኝ። ስለ ኮራሉ ተረኩለት፣ ስለ ሊስትሮዋ ነገርኩት፤ በሊስትሮዋ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ዝም አለና፣

"ሰውስ?" አለኝ።

"ሰው የለም" አልኩት። እኔ የወረድኩት ዘጠኝ ሜትር ነው።

ልንለያይ ስንል ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ፤ የእናቱ ስልክ ነው። "ሲገቡ ይደውሉላትና አየሁት ይበሏት፤ ከእኔ ይልቅ ያየኝን ሰው ታምናለች። ከተማ ውስጥ ሆቴል ነው የሚሠራው ይበሏት። ባሕር የምትለዋን ቃል ብቻ እንዳያነሱባት" አለኝ። "በል እሺ" አልኩ።

ወዲያው ግን አልገባሁም። የባሕር ሰው ወደ ደጋ ለመውጣት መታገስ አለበት ለካ። ሲጠልቁ ደም ውስጥ የሚሟሟው ናይትሮጅን ቀስ እያለ ካልወጣ፣ ክዳኑ ድንገት እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ይፈላል። ለዚህ ነው ለቀናት ሲጠልቅ የሰነበተ ሰው 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን እንዳይሳፈር የሚመከረው። "እኔ በባቡር ነኝ" ብላት የእህቴ ልጅ ሳቀችብኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከአውሮፕላን ውስጥ አየር እምብዛም አትለይም። አንድ ሙሉ ቀን ጅቡቲ ከተማ ተቀምጬ ደሜ እስኪረጋ ጠበቅሁ።

ቤቴ ስገባ ደወልኩ። እናትየው ድምፄን ስትሰማ አለቀሰች፣ መረቀችኝ። "ከስቷል?" "ኧረ ወፍሯል!" "ይበላል?" እዚህ ላይ ምላሴ ከዳኝ። "እንዴት አይበላ! የሚሠራልንን ዓሣ ባዩ፣ ጀልባዋ ላይ እኮ..." አልኩ። ጸጥ አለች። ቃሏን ባላነሳትም ጀልባ ምን ላይ እንደሚሄድ እናት አይጠፋትም። "አላህ ይስጥልኝ" ብላ ዘጋችው።

አንድ ወር እንኳ በቅጡ አልሞላም። ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኦቦክ በስተሰሜን ከጎዶርያ አካባቢ ሰው አጭቀው የተነሱ ሁለት ጀልባዎች ተገለበጡ። ከ50 በላይ ሰው አለቀ። ሬዲዮው እንዲህ ሲል እናትየው ደወለች። "የኔ ጌታ፣ የልጄ ጀልባ ናት?" አለችኝ። እሱ የሚሠራባት ጀልባ ሌላ ናት፣ የፈረንጅ መዝናኛ ናት፣ አብሽሩ ብዬ ልዩነቱን ላስረዳት ሞከርኩ። ለእሷ ጀልባ ጀልባ ነው።

ልጁን ስልክ ላይ ያገኘሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ባሕር ላይ ሰንብቶ ገና ወደብ መግባቱ ነበር። ያጠፋሁትን ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ "እኔ እደውልላታለሁ፣ ጋሼ" አለ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በተሻለኝ።

ከዚያ ወዲህ በ2013ም፣ በ2016ም፣ በ2017 መስከረምም እዚያው ሰፈር የጀልባ አደጋ ደርሷል። ሬዲዮው በተናገረ ቁጥር እናትየው ለእኔ ነው የምትደውለው። ቁጥሯን ሳየው ወዲያው አላነሳም። መጀመሪያ ጅቡቲ እደውላለሁ።