ሁለት ወንዝ ያየ ድልድይ

ቨርጂኒያ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አጎቴ የመኪናውን ቁልፍ አቀበለኝና «በል ዛሬ ከከተማ ወጣ ብለህ ተለማመድ» አለኝ። ወደ ላውደን ካውንቲ፣ ዋተርፎርድ ወደምትባለው የጥንት መንደር ነዳሁ። መንደሯን አልፈን ፒስታው ላይ አቧራ እያስነሳን ስንሄድ፣ ከዛፎቹ መሀል ድንገት የብረት ድልድይ ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ይችለናል?»

«ስንቱን ችሏል! ቀስ ብለህ እለፍ።»

ድልድዩ የሚያሳልፈው አንድ መኪና ብቻ ነው። ከማዶ አንድ ሽማግሌ ፒክአፓቸውን አቁመው ነበር፤ እጃቸውን አነሡልንና ቀድመን ተሻገርን።

ተሻግረን ወርደን አየነው። እኔ ጎጃም ያደግሁት ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሻገርበትን ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ጠርጎ በሚወስድ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ሲሞላ ትምህርት ቤት ማዶ ይቀራል፤ እናቶቻችን ነጠላቸውን አገልድመው ዳር ቆመው «ተመለስ! እንዳትገባ!» ይሉን ነበር። ከድልድዩ ሥር ያለው የካቶክቲን ወንዝ ያን ቀን ጉልበት እንኳ የሚያደርስ አይመስልም። ለዚህ ውሃ ይህን ሁሉ ብረት ማቆማቸው ገረመኝ፤ ደስም አለኝ።

ቀረብ ብዬ መጋጠሚያውን ዳሰስኩት። ብረቶቹን አንድ ላይ የያዛቸው ድፍን ፒን ነው፤ ቀዝቃዛ፣ በቀለም ላይ ቀለም የተደራረበበት። ኋላ ላይ ሳነብ ነው ሥራው የገባኝ። ዓይነቱ ፕራት ትረስ ይባላል፤ ኬሌብ ፕራትና ልጁ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1844 የፈጠራ መብት ያገኙበት ነው። ጭነት ሲመጣ ቋሚዎቹ ይታመቃሉ፣ ሰያፎቹ ይወጠራሉ፤ ሰያፎቹ ቀጫጭን የሆኑት ለዚህ ነው። ይህን ድልድይ የሠራው የክሊቭላንድ፣ ኦሃዮው ቫራይቲ አይረን ዎርክስ ሲሆን ዘመኑ 1889 ገደማ ነው።

ከሁሉ የያዘኝ ግን ድልድዩ መጀመሪያ የቆመው እዚያ አለመሆኑ ነው። ከሊስበርግ ወዲህ በሩት 7 ላይ ጉስ ክሪክ የሚባለውን ወንዝ ሲያሻግር ኖሮ፣ በ1932 ተፈታቶ ካቶክቲን ላይ ተተከለ። ፒኑ ሲወጣ ብረቱ ይለያያል፣ ፒኑ ሲገባ መልሶ ይቆማል። ከ1974 ጀምሮ በአሜሪካ የታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አለ።

ይህን ለአጎቴ ስነግረው ዝም አለ። አገሩን ሲለቅ አርባ አልፎት ነበር፤ በዚያው በሩት 7 ላይ ሌሊትና ቀን ታክሲ ነድቶ ነው ሁላችንንም ያመጣን። ቆየት ብሎ «እዚያም አሻገረ፣ እዚህም አሻገረ በለኛ» አለና ሻዩን አነሣ።

አጎቴ ዛሬ የለም። ቅጠሉ በሚቀላበት ወራት ልጄን ይዤ ወደዚያ እሄዳለሁ። ከማዶ መኪና ሲመጣ ካየሁ አፋፉ ላይ እቆምና እጄን አነሣለሁ፤ ይቅደሙ።