የጋሼ እጅ ለምን ሳተ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት 11ኛ ክፍል ገብቼ ባይነሪ ሰርች እያስተማርኩ ነበር። በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር አለህ፤ መሀሉን ታያለህ፣ የምትፈልገው የሌለበትን ግማሽ ትተዋለህ፣ የቀረውን ደግሞ መሀሉን ታያለህ፣ እንዲህ እያልክ ትቀጥላለህ። ከ2,000 ስም አንዱን ለማግኘት ቢበዛ 11 ጊዜ ማየት ይበቃል። ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አሁን እኮ ኤአይ አለ። ራሱ ተምሮ ያገኘዋል። እኛ ይሄን ለምን እንማራለን?»

ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ልንገራችሁ ግን፣ መልስ አልነበረኝም። «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንነጋገራለን» ብዬ አለፍኩት። ዲፕሎማዬን ስይዝ ይሄን ያስተማረኝ የለም። ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሳነብ ደግሞ በዓይኔ የመጡብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጡረታ የወጡት የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው።

የተማሪው ፋይል ሁሉ በሀ ሁ ተራ በብረት ካቢኔት ውስጥ ነበር። ሰው ትራንስክሪፕት ፈልጎ ሲመጣና ስሙን ሲናገር፣ ጋሼ ከመጀመሪያው መሳቢያ አይጀምሩም፤ መሀሉንም አይከፍቱም። «ተስፋዬ» ከተባሉ ቀጥ ብለው አንዱን መሳቢያ ይስባሉ፣ ሁለት ሦስት ፋይል ወደፊት ወይ ወደኋላ ገለጥ ገለጥ ያደርጋሉ፣ «ይኸው!» ይላሉ። የተ እና የአ ስሞች ስንት መሳቢያ እንደሞሉ፣ ዠ እና ጰ ባዶ እንደሆኑ የትም አልጻፉትም። እጃቸው በዓመታት ብዛት የተማረው ነው።

አሁን ያነበብኩትን ስሙ። ዳታቤዞች ከ1970ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) መረጃ የሚፈልጉት በአብዛኛው ቢ-ትሪ በሚባል ማውጫ ነው። ቢ-ትሪ ስሞቹ የት እንደሚበዙ፣ የት እንደሚሳሱ ግድ የለውም፤ ለማንኛውም ዝርዝር ያው ነው። በ2017 መጨረሻ ቲም ክራስካ የተባለ የኤምአይቲ ተመራማሪና የጎግል ባልደረቦቹ አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ። ማውጫ ማለት ስም ተቀብሎ ቦታ የሚናገር ነገር ከሆነ፣ ለምን ከዝርዝሩ ራሱ ተምሮ የሚገምት ሞዴል አናደርገውም? ሞክረው በአንዳንድ ዳታ ላይ ከቢ-ትሪ እስከ 70 በመቶ የሚፈጥን፣ ሜሞሪም በጣም ያነሰ የሚፈጅ ሆኖ አገኙት። ጋሼን በኮምፒውተር ሠሯቸው ማለት ነው!

የገረመኝ ግን ይሄ ነው። ሞዴሉ ይሳሳታል፤ ሠሪዎቹም ያውቃሉ። ስለዚህ ሲሠለጥን በጣም የሳተው በስንት እንደሆነ አብሮ ይመዘገባል። ሞዴሉ «1,200ኛው አካባቢ» አለ እንበል፤ ትልቁ ስህተቱ 30 ከሆነ የሚፈለገው ከ1,170 እስከ 1,230 ባለው መሀል ብቻ ነው። በምን ይፈለጋል? በዚያው በባይነሪ ሰርች! 11 የነበረው እርምጃ ቢበዛ 6 ይሆናል። ግምቱ ያቀርባል፣ የሚያገኘው ግን የድሮው ዘዴ ነው። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ የስታንፎርድ ሰዎች ኩኩ ሀሺንግ የሚባል የቆየ ዘዴ ወስደው ሞከሩና ይህን አዲስ ነገር በፍጥነት ሲበልጥ አሳዩ። ለተማሪዬ መልስ አገኘሁ አልኩ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ቀጥሎ ያነበብኩት ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

የመጀመሪያው ሥራ ዝርዝሩ እንደማይለወጥ አድርጎ ነው የተነሳው። አዳዲስ ስም ሲገባና የስሞቹ አበዛዝ ሲለወጥ፣ ሞዴሉ በድሮው ስለሚገምት መሳት ይጀምራል። በ2020 አሌክስ የሚባል ሥራ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ በመደዳው መሀል ለአዲስ ገቢ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ሲያስፈልግም ሞዴሉን ያድሳል።

ጋሼ በመጨረሻዎቹ ዓመታት መሳት ጀምረው ነበር። መሳቢያ ይከፍታሉ፣ አይደለም፤ ሌላ ይከፍታሉ፣ አሁንም አይደለም። «ኧረ አረጀሁ ልጆች» ይሉ ነበር። እኛም አመንን። የስም ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ አሁንስ ይረፉ» ያልኳቸውም እኔው ነኝ። ጡረታ ሲወጡ ጭንቅላታቸው የከዳቸው መስሏቸው ነው የሄዱት።

ያንን ዝርዝር አሁንም ይዤዋለሁና በዚያው ሌሊት ከፍቼ አየሁት። ድሮ ተስፋዬ፣ ታደሰ፣ አበበ፣ አልማዝ ነው። ወደ ኋላ የመጡት ልጆች ናሆም፣ ናታን፣ ኖላዊት፣ ያፌት፣ የአብሥራ፣ ሶልያና ናቸው። አንድ መሳቢያ የማይሞላው ነ አብጧል፣ የ አብጧል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቦታውን ለቋል። የጋሼ እጅ የሄደው ድሮ ትክክል ወደነበረው ቦታ ነበር። የተለወጠው ካቢኔቱ ነው።

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና እየጠጣን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያ ያሳሳተኝ የናሆም መሳቢያ ነው በለኛ» አሉ። ሳቁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ያኔ ብትነግረኝ እኮ በሳምንት እለምደው ነበር» አሉኝ። ለዚህች መልስ የለኝም፤ እስካሁንም የለኝም።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ለልጁ እንዲህ አልኩት፦ «ሞዴሉ መሳሳቱን የሚያውቅለት፣ ሲስትም ፈልጎ የሚያገኝለት ሰው ያስፈልገዋል። ያንን ነው የምትማረው።» ከዚያ የጋሼን ታሪክ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም።

እናንተስ፣ አረጁ ብላችሁ ያሳረፋችሁት ሰው አለ? ከቻላችሁ ሄዳችሁ ጠይቁት። መልካም ሳምንት!