«አይተኸዋል?»

ባልና ሚስትን ስለሚያጋጩ ነገሮች ሲነሣ ገንዘብ፣ ዘመድና የልጆች አስተዳደግ በብዛት ይጠቀሳሉ። እኔና ባለቤቴን ግን ያኮራረፈን አንድ የመኪና ሰርቪስ ደረሰኝ ነው።

ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ የገና ሰሞን ነበር። በዓሉን ከባለቤቴ ወላጆች ጋር ሲሪንቃ ልናሳልፍ አስበናል። ሲሪንቃ በሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏ የምትታወቅ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መኪናችን ቀይ ኮሮላ ዲ ኤክስ ናት። ዕድሜዋ ከባለቤቴ ዕድሜ ባያንስም የሠፈራችን ልጆች «የእሽቅድድም መኪና» ይሏታል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ስነዳት እንደዚያው ይሰማኛል።

ከጉዞው በፊት ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰድኳት። ማታ ልረከባት ስሄድ ደረሰኝ ሰጡኝ፦ የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የአራቱም ጎማ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት ቅያሪ ይላል። መኪናዋ ታጥባ ስታብረቀርቅ ሳያት ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ደረሰኙን አነበበችና «አይተኸዋል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የተቀየረውን ነዋ! አሮጌውን ዕቃ አሳዩህ?»

«ደረሰኙ ላይ ተጽፏል እኮ! አንቺ ደግሞ ሰው አታምኚም።»

ዝም አለች። ያናደደኝ ጥያቄዋ ሳይሆን መልስ የሌለኝ መሆኔ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ጸልየን ተነሣን። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ወጣን። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር ይበልጣል። ጣልያን በወረራው ዘመን ያሠራውን ዋሻ ሲያልፉ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። እኔም በማርሽ መያዝ ሲገባኝ ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ። ጥቂት ጠመዝማዛዎችን እንዳለፍን ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሰመጠ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለስኩ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። የአራት ዓመቷ ልጃችን ከኋላ ትዘምራለች። ባለቤቴ የበሩን እጀታ እንደጨበጠች አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ደብረ ሲና ላይ ዳር ይዘን አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። የደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን በላን። ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመለሰ። እዚያው መካኒክ መፈለግ ሲገባኝ፣ አሁንም «ደህና ናት» ብዬ በዝቅተኛ ማርሽ ጉዞ ቀጠልኩ። ኮምቦልቻ አድረን በማግሥቱ ሲሪንቃ ገባን።

አማቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በምርምር ማዕከሉ ትራክተር ነጂ ነበሩ። ነገሩን እንደሰሙ «አብሽር ልጄ፣ እስቲ እንያት» አሉኝ። ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ፤ በጨርቅ ጠርገው መልሰው አስገቡና አወጡት። ዘይቱ ንጹሕ ነው። «ይሄ ተቀይሯል፤ የሠሩልህን አትካዳቸው» አሉ። ከሥር ያለው ፊልትሮ ግን አቧራና ዘይት የተጋገረበት፣ ያው አሮጌው ነበር። አዲስ የፍሬን ዘይት እንደ ማር ጥርት ያለ ሲሆን፣ የእኛው ቡና መስሏል። ጎማዎቹን አውልቀን ስናይ የፊቱ ሸራ አዲስ ነው፤ የኋላው ግን አልቋል።

የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም። ውኃ ሲገባበት ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ያን ጊዜ እግራችን የሚረግጠው እንፋሎቱን እንጂ ፍሬኑን አይደለም። ጣርማ በር ላይ የደረሰብን ይህ ነበር።

«አባባ፣ ሰው አምኜ ነው» አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ።

«ማመንህ ክፉ አይደለም» አሉኝ። «እኛ ዘንድ አንድ የማሽላ ዘር ጥሩ ነው ስለተባለ ብቻ ለገበሬ አይሰጥም። በየቦታው ተዘርቶ፣ ተመዝኖ፣ ከነባሩ ጋር ተወዳድሮ ነው። ያዳቀለውን ባለሙያ ስለጠረጠሩት አይደለም። ዘሩን የሚዘራው ገበሬ ልጆች ስላሉት ነው።»

ከኋላ መቀመጫ ላይ ስትዘምር የነበረችው ልጄ ትዝ አለችኝ። ለጸለይኩበት መንገድ ኮፈን ከፍቶ ማየት አለማመን መስሎኝ ነበር። ለካስ ስንፍናዬን እምነት ብዬ ጠርቼው ኖሯል።

መርሳ ከተማ የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ የቀረውን ሠራልን። ሳልጠይቀው አሮጌዎቹን ዕቃዎች ጋዜጣ ላይ ደርድሮ «ጋሼ፣ ይዩዋቸው» አለኝ። አሮጌውን ፊልትሮ ይዤው ተመለስኩ።

አዲስ አበባ ስንገባ ጋራዡ ሄጄ ልጮህ ተዘጋጅቼ ነበር። ባለቤቴ ግን «ደረሰኙን ይዘህ አንድ በአንድ ጠይቃቸው» አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። የፊልትሮውንና የኋላውን ሸራ ገንዘብ መለሱልኝ። የፍሬን ዘይቱን ግን «ጨምረንበታል» ብለው ተከራከሩ፤ መጨመር መቀየር ባይሆንም ከዚያ በላይ አልሄድኩም።

ከዚያ ወዲህ ሰርቪስ ሲኖር አብረን ነው የምንሄደው። ከመግባታችን በፊት ኪሎ ሜትሯን እንጽፋለን፤ በአሮጌው ፊልትሮ ላይ በማርከር ምልክት እናደርጋለን፤ አሮጌውን ዕቃ እንደምንፈልግ ቀድመን እንናገራለን። ስንረከብ የሁለቱንም ዘይት መጠንና መልክ እናያለን፤ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር መኖሩን እናጣራለን፤ ግቢው ውስጥ ፍሬኑን እንሞክራለን። ጎማ ከወለቀ ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ቡሎኖቹ እንደገና እንዲጠብቁ እናደርጋለን። እሷ ደረሰኙን ታነባለች፣ እኔ ባትሪ አበራለሁ። በደንብ የተሠራ ሥራ ስናይም ሠራተኛውን ጠርተን እናመሰግነዋለን፤ ሳያዩ ማመስገንም ያው ባዶ ቃል ነውና።

«ሰው አታምኚም» ላልኳት ይቅርታ የጠየቅኋት እዚያው ሲሪንቃ፣ አባቷ ባሉበት ነበር። ወንድሞቼ፣ ሚስቶቻችሁ «አይተኸዋል?» ሲሏችሁ አትቆጡ። ተነሥታችሁ እዩ።