ክንፏ ከስንዝር የሚበልጠው ቢራቢሮ

በመስከረም ወር ልጆችዎ በአደይ አበባ መካከል የሚያሯሩጧትን ቢራቢሮ ያስታውሱና ለጥቂት ጊዜ ወደ ሩቅ አገር አብረውን ይጓዙ። ከአውስትራሊያ በስተሰሜን በምትገኘው በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ኦሮ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ሙቀትና ዝናብ የማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። ከዛፎቹ ሥር ቆመው ቢያንጋጥጡ ሰማዩ የሚታይዎት በቅጠሎች መካከል ተቆራርጦ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ወፍ የምትመስል ፍጥረት ስታንዣብብ ቢያዩ እንዳይሳሳቱ፤ በዓለም ካሉት ቢራቢሮዎች ሁሉ ትልቋ፣ የንግሥት አሌክሳንድራ ቢራቢሮ ናት።

በዚህ ዘር በመጠን የምትበልጠው ሴቷ ናት። ቡናማ ክንፎቿ ሲዘረጉ ከ25 ሳንቲ ሜትር ሊያልፉ ይችላሉ። ወንዱ ቢያንስም በሰማያዊና በአረንጓዴ ቀለም ያጌጠ ነው። አልበርት ሚክ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1906 የመጀመሪያዋን የያዛት በጥይት መትቶ ነበር።

ይህች ቢራቢሮ አብዛኛውን ጊዜዋን በዛፎች አናት የአበባ ወለላ እየቀሰመች ታሳልፋለች። እንቁላል ለመጣል ስትነሣ ግን አንድ ዓይነት መርዛማ ሐረግ ፈልጋ ታገኛለች። ምክንያቱም ልጆቿ አባጨጓሬዎቹ የሚያድጉት የዚህን ሐረግ ቅጠል በልተው ነው። መርዙ እነርሱን አይጎዳም፤ እንዲያውም በሰውነታቸው ተከማችቶ ከጠላት ይከላከልላቸዋል። ሐረጉ ከሌለ ግን ልጅ የለም።

ጭንቀቱም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የላሚንግተን ተራራ ፈንድቶ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ሲፈጅ፣ ቢራቢሮዋ የምትራባበትን ደን 250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል አወደመ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለዘይት የሚተከለው ዘንባባና የእንጨት ቆረጣ የቀረውን ደን አጥብበውታል። ቢራቢሮዋን ከአገር አውጥቶ መነገድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል፤ ነገር ግን ክልከላ ብቻውን ሐረግ አያበቅልም። መሬቱ የአካባቢው ጎሣዎች ነው። ዘንባባው ለቤታቸው ገንዘብ ስለሚያስገኝ፣ «ደኑን አትንኩ» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም። ደኑን ለሚጠብቀው ቤተሰብም መተዳደሪያ ሊታሰብለት ይገባል።

የእናት ክንፍ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ልጅ የሚያድግበት ቅጠል ከጠፋ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ልጅዎ አባጨጓሬ አየሁ ብሎ ሲነግርዎ፣ «ከየትኛው ቅጠል ላይ አገኘኸው?» ብለው ይጠይቁት። ቅጠሉን መለየት የተማረ ልጅ፣ ቢራቢሮዋንም መጠበቅ ጀምሯል ማለት ነው።